አራተኛው ቦታ

«ሥራው ጥሩ ነው። ዕቃችሁን ግን ቆጥራችሁ ስጡት፤ ስትቀበሉትም ቆጥራችሁ ተቀበሉ።»

ደባልቄ ይህን የሰማው በግድግዳ በኩል ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው። ከወዲያ የልጁ የታረቀኝ መኝታ ክፍል፣ ከወዲህ አባትና ልጅ እንጨት የሚሠሩበት ቆርቆሮ የተከደነ ቤት አለ። ጭቃው በየበጋው ስለሚሰነጠቅ በአንዱ በኩል የተነገረ በሌላው በኩል ይሰማል። ታረቀኝ በስልክ ነበር የሚናገረው። የደወለለት ሰው ባምባሲ ላይ የመማሪያ ክፍሎች የሚሠራ ተቋራጭ ነው። ለበርና ለመስኮት ሥራ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ እዚህ ቤት ይሠራ የነበረውን ኢዘዲንን ሊቀጥር አስቦ፣ አብሮት የሠራ ሰው ስለ ጠባዩ ይንገረኝ ብሎ ነው። «አይ፣ ሌባ ነው አላልኩም» አለ ታረቀኝ። «እንዲያ አላልኩም። አንድ ድሪል ጠፋብን። ቁልፉ እሱ ጋ ነበር። ሌላውን አንተው ጨርሰው።» ትንሽ አዳመጠ። «እንግዲህ አስብበት። ነገ ጠዋት ነው የምትወስነው? ጥሩ።» ከዚያ ወሬው ወደ ሲሚንቶ ዋጋ ሄደ፤ ከሲሚንቶ ወደ ነዳጅ ሰልፍ። ታረቀኝ ሳቀ። ደባልቄ መላጊያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከመላጊያው አፍ የወጣው ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ጣቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ድሪሏን የወሰዳት ኢዘዲን አይደለም። የወሰዳት እሱ ራሱ፣ ደባልቄ ነው።

ታረቀኝ በጓሮ በኩል ገባ። ስልኩን አሁንም ይዟል፤ ለአባቱ ሊያሳየው የፈለገው ምስል አለ። በሰው አገር ያለ የሥራ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ሰፊ መደርደሪያ ተመቷል፤ የመደርደሪያው ጠርዝ የፈረስ ኮቴ እየመሰለ ተቆርጧል፤ በየኮቴው ውስጥ አንድ አንድ ድሪል እጀታው ወደ ታች፣ አፍንጫው ወደ ፊት ሆኖ ተንጠልጥሏል። ከላይ ባትሪና ቻርጀር የሚቀመጥበት ሌላ መደርደሪያ አለ። «ይህን ትሠራልኛለህ፣ አባዬ። ዛሬውኑ። ከእንግዲህ ድሪል ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም። ሳጥን ውስጥ ያለ ነገር ሲጠፋ አይታይም።»

«ስንት ቦታ?» አለ ደባልቄ።

«አራት።»

«ያሉት ሦስት ናቸው።»

«አራት ሥራ። አራተኛው ባዶ ይሁን። እዚህ ለሥራ የሚገባ ሁሉ ባዶውን እያየ ይግባ፣ እያየ ይውጣ። ትናንት ገበያ ላይ ለጣውላ ነጋዴዎቹ ለነለገሰም ነግሬያቸዋለሁ።»

የታረቀኝ ሚስት እስከዳር የልብስ ሳፋ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ልጁ እኮ ከኛ ማዕድ የበላ ነው» አለች። «የበላ ነው የሚወስድ» አላት ባሏ። «ያልበላማ ቁልፌን ከየት ያገኛል?» እስከዳር ወደ ደባልቄ ዞረች። «አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ደባልቄ ጎንበስ ብሎ ከመሬት አንድ የጣመመ ሚስማር አነሳ። አገላብጦ አየው። «ጣውላው ይበቃል ወይ እያልኩ ነው» አለ።

በዚህ ቤት ደባልቄ ድሪል እንደማይነካ ሁሉም ያውቃል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ እንዳይቆም ብሎ ታረቀኝ ባለ ባትሪዎቹን የገዛ ጊዜ፣ አባቱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዙሪያቸውን ዞረና «ይሄ ሽጉጥ ነው ወይስ መሣሪያ?» አለ። ጎረቤት በመጣ ቁጥር ደግሞ «ባትሪው ሲያልቅ ጀግናው ማን እንደሆነ እናያለን» ይልና ሚስማር ላይ የተሰቀለውን የእጅ መሰርሰሪያውን በአገጩ ያሳያል። ሰው ይስቃል። ያ የቤቱ ቀልድ ሆነ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን የቀኝ እጁ አንጓ መታዘዝ ትቷል። መሰርሰሪያውን ጥቂት ካዞረ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ የያዘውን ይጥላል። ይህን ለማንም አልተናገረም። ጠንካራ እንጨት ሲመጣ «ይሄን አንተ ብሳው፣ ልመድ» እያለ ለኢዘዲን ይሰጠዋል። ኢዘዲን ሚስት ሊያገባ የደረሰ ወጣት ነው፤ መልመድ ያለበትን ከለመደ ቆይቷል። ቢሆንም «እሺ አባባ» ብሎ ይበሳል። የአንጓውን ነገር ያውቅ እንደሆነ ደባልቄ ጠይቆት አያውቅም።

ያለፈው አርብ ታረቀኝ ጣውላ ሊያመጣ ወጥቶ ነበር። ኢዘዲን ቤቱን ቆልፎ ለጁምዓ ሄደ። ደባልቄ ለጎረቤታቸው ለቡሴ የውኃ ጉድጓድ ክዳን ሠርቶላታል፤ የቀረው ማጠፊያውን መምታት ነው። ማጠፊያው የሚያዝበት እንጨት የደረቀ ግራር ነው። ሚስማር ቢመቱበት ይሰነጠቃል፣ በእጅ መሰርሰሪያ ደግሞ እጁ እንደማይችለው ያውቃል። በመኖሪያው በኩል ባለችው ትንሽ በር ገባ። ከሳጥኑ ትንሿን አረንጓዴ ድሪል አወጣ። በጋቢው ሥር ይዟት ሄደ። ቡሴ ገበያ ነበረች፤ ግቢው ውስጥ ሰው የለም። ድሪሏ ያን ግራር እንደ ጎመን ግንድ ገባችበት። ደባልቄ ብቻውን ሳቀ። ሁለተኛውን ማጠፊያ ከውስጥ በኩል ለመብሳት ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ አለ። ድሪሏ እጅ የሚገባባት የገመድ ማሰሪያ አላት፤ እጁን አላስገባም ነበር። አንጓው ደነዘዘ። ከታች ውኃው ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ። የቀሩትን ቪቲዎች ነፍሱ እስክትወጣ በካቻቪቴ አጠበቀ። ማታ እነግራቸዋለሁ ብሎ ነው የተመለሰው። ማታ ግን ታረቀኝ ቀደመው። ሳጥኑን ከፍቶ «አባዬ፣ ትንሿን አላየሃትም?» አለ። ኢዘዲን አጠገባቸው ቆሟል። «እኔ እንዲህ ያለ ዕቃ መቼ ነክቼ አውቃለሁ!» አለ ደባልቄ። ቃሉ እንደዚያ ቀልዱ በልማድ ነው የወጣው። ታረቀኝ ዓይኑን ከአባቱ አንስቶ ኢዘዲን ላይ አደረገ። በማግስቱ ለኢዘዲን ሥራ የለም ተባለ።

ድሪሏን በድብቅ ሊያወጣት አስቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ቡሴ ቀን ቀን ግቢዋን አልለቀቀችም። ጨለማ ሲሆን ደግሞ ጉድጓድ አፍ ላይ የተጎነበሰ ሽማግሌ ያየ ሰው ሌላ ነገር ያስባል። እንዲያ እያለ ተወው። አሁን ጣውላውን ሞርሳው ላይ አሰረ። ከመስኮት ሥራ የተረፈ ጥሩ ጣውላ ነው፤ ጉጥ የለበትም። መጀመሪያ ግድግዳውን አየ። ጭቃ ቪቲ አይዝም፤ ከውስጥ የቆመውን እንጨት ማግኘት ያስፈልጋል። በጣቱ መገጣጠሚያ እያንኳኳ ከጥግ ተነሳ። ባዶ፣ ባዶ፣ ድፍን። እዚያ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ከግድግዳው ወዲያ ጠዋት ያን ንግግር የሰማበት ቦታ ነው። ሦስቱን ድሪሎች ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። በየተራ እጀታቸውን ጣውላው ጠርዝ ላይ እያስደገፈ ዙሪያቸውን በእርሳስ አሰመረ፤ ለላስቲኩ ትንሽ ጨመረበት። በመጋዝ ሁለት ሁለት ጊዜ ሰነጠቀ፣ መሐሉን በመሮ አነሳው፣ የኮቴውን ክብ በሞረድ አወጣው። እጀታው እንዳይፋቅ ከአሮጌ የሞተር ጎማ ላስቲክ ቆርጦ ከውስጥ ለጠፈበት። እጁ ሲደነዝዝ እያቆመ፣ እያሻሸ፣ እንደገና እየጀመረ ነው የሠራው። ሦስቱ ቦታዎች ሦስቱን ድሪሎች ልክ አድርገው ያዙ።

ለአራተኛው የሚለካበት ዕቃ የለውም። «ዕቃው እጅህ ላይ ሳይኖር አትቁረጥ» እያለ ነው ኢዘዲንን ያሠራው። ማጠፊያ ሳይመጣ የማጠፊያ ቦታ አይቆፈርም፤ መስታወት ሳይመጣ የመስታወት ቦይ አይወጣም። ኢዘዲን አንድ ጊዜ በግምት ቦይ አውጥቶ ጣውላው ተበላሽቷል። ያን ጣውላ ደባልቄ ለብዙ ጊዜ በሩ ላይ አንጠልጥሎት ነበር፣ ለትምህርት። ኢዘዲን በገባ በወጣ ቁጥር ያየው ነበር። ይህ ትዝ ሲለው እርሳሱን አስቀመጠ። ለማሳፈሪያ ነገር የሚሰቅል ሰው ታረቀኝ ብቻ አይደለም፤ ከማን እንደተማረው ታወቀው። አራተኛውን እንደፈለገ ቢቆርጠው የሚጠይቀው የለም፤ ባዶ ሊሆን ነው። እጁ ግን እንቢ አለ። ቀኝ እጁን ጨበጠ። ትንሿን ድሪል ሲይዛት አውራ ጣቱ ዞሮ የመሐል ጣቱን ጥፍር ነክቶ ነበር። እጁን እንደዚያው አድርጎ፣ መዳፉ ውስጥ የቀረውን ክፍት ቦታ ጣውላው ላይ አሰፈረው። ቆረጠ። ሞረደ። ላስቲክ ለጠፈ። ከሦስቱ ይልቅ አራተኛው አምሮ ወጣ።

ከምሳ በኋላ ወደ ቡሴ ግቢ ሄደ። ለምን እንደሚሄድ በደንብ አላወቀውም። ቡሴ ከወለጋ የመጣች መበለት ናት፤ ከሁለት የልጅ ልጆቿ ጋር ነው የምትኖረው። ማንጎ ዛፏ ሥር ለገበያ ማንጎ ትለይ ነበር። «ኖር፣ ጋሼ ደባልቄ! ክዳንዎ እኮ እንደ መኪና በር ነው የሚዘጋው። እዚህ ሰፈር እንዲህ ቀጥ አድርጎ የሚበሳ እጅ የለም። ባለ ድሪሎቹ ይፈሩ!» አለችና ሳቀች። ደባልቄ አልሳቀም። «ከዚህ ውኃ ትጠጣላችሁ?» አላት። «ቧንቧው ሲመጣ የቧንቧ፤ ሲጠፋ ይሄው ነው። ምነው?» «ለጊዜው ተዉት። ስሠራ ፍቅፋቂ ገብቶበታል።» «ፍቅፋቂ ሆድ አይነፋም። ይልቅ ባልዲው ከታች የሆነ ነገር ይመታል። ቋ ይላል። ድንጋይ ይሆን እንዴ?» «ድንጋይ ይሆናል» አለ። ቡሴ አንድ ማንጎ መርጣ ሰጠችው። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የዚያን የናንተን ልጅ፣ የኢዘዲንን ነገር ሰማሁ። ማሎ፣ ምን ጉድ ነው! መጀመሪያ እንቢ ብዬ ነበር። ኋላ ሳስበው፣ ጋሼ ደባልቄ እዚያው ቤት ናቸው፤ እሳቸው ዝም ካሉ እውነት ነው ብዬ ተቀበልኩ። እርስዎ ሰው በሐሰት ሲታማ ዝም አይሉማ።» ደባልቄ ማንጎውን ተቀብሎ ያዘ። ጉድጓዱ ከጀርባው ነበር፤ ዞሮ አላየውም።

ደባልቄ መደርደሪያውን ሲሰቅል ታረቀኝ ከገበያ ተመልሶ ነበር። በትልቁ ድሪል ቪቲዎቹን እሱ መታ፤ ደባልቄ ከታች ደግፎ ያዘለት። ቪቲዎቹ ከጭቃው አልፈው እንጨቱን ሲነክሱ ቤቱ ሁሉ አቃሰተ። ሦስቱን ድሪሎች ሰቀሏቸው። ባትሪዎቹን ከላይ ደረደሯቸው። ታረቀኝ ወደ ኋላ ሸሽቶ አየና «ግሩም ነው» አለ። «አሁን ፀጉር ብትጠፋ ትታያለች።» አራተኛው ቦታ ከሦስቱ ቀጥሎ፣ በበሩ በኩል ባዶውን ነበር፤ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ደባልቄ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንጓውን ያሻል። ልጁ አጠገቡ ቆመ። «ደከመህ?» አለው። «አልደከመኝም» አለ። በዚህ ጊዜ ነው የግቢው ውሻ የጮኸው።

የገቡት ሁለት ናቸው። የፊተኛው ኦመር ነው፤ የኢዘዲን አባት፣ የፍየል ነጋዴ፣ ረጅም ሰው። ንጹሕ ጀለቢያ ለብሷል፤ በብብቱ ሥር አዲስ የፕላስቲክ ሳጥን ይዟል። ኢዘዲን ከኋላው ነው። ታረቀኝ ወንበር ሳበ። ኦመር አልተቀመጠም። «ደባልቄ፣ ሰላም አልልም ብዬ ነበር የመጣሁት» አለ። «ግን ሽማግሌ ነህ። ሰላም ዐለይኩም።» ከዚያ ወደ ታረቀኝ ዞረ። አማርኛው ከአፍ መፍቻው ከቤርታ ቋንቋ ጋር እየተጋፋ፣ ቃሉን እየፈለገ ተናገረ። «ልጄ አልወሰደም። ወላሂ አልወሰደም። ጠይቄዋለሁ፤ ኢዘዲን ለአባቱ አይዋሽም። አንተ ግን ገበያ ላይ ተናገርክ። ግድግዳ ላይ ባዶ ቦታ ይሰቀላል፣ የኦመር ልጅ ቦታ ነው ይባላል፣ አሉኝ። እኔ በስሜ ባዶ ነገር አይሰቀልም። ይሄ ድሪል አዲስ ነው፤ ፍየል ሸጬ ነው። ቦታውን ሙላ። ከዚያ ስለ ልጄ አትናገር። ለገበያም፣ ለባምባሲም።»

«አባ ኦመር፣ ነገሩ እዚህ የሚያደርስ አልነበረም…» አለ ታረቀኝ።

«አድርሷል» አለ ኦመር።

ኢዘዲን ከኪሱ የሥራ ቤቱን ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሲያስቀምጠው ድምፅ እንዳይሰጥ ተጠንቅቋል። ታረቀኝ ፊቱ ቀላ። ሳጥኑን እንቢ ይበል፣ ይቀበል፣ አላወቀም። ዓይኑን ወደ አባቱ ላከ፤ ከአባቱ ምንም አላገኘም። በመጨረሻ እንደተዋረደ ሰው ቸኩሎ ሳጥኑን ከፈተው፣ ድሪሉን አወጣና ወደ አራተኛው ቦታ ወሰደው። አልገባም። አዙሮ ሞከረ፤ አልገባም። አዲሱ ድሪል ወፍራም ነው። «ጠቦታል» አለ። «አባዬ፣ ትንሽ ሞርድለት።» ሞረዱን ከጠረጴዛው አንስቶ ለአባቱ ሰጠው። ደባልቄ ተነሳ። ሞረዱን ቦታው ላይ አስደገፈ። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሞርደው ይሰፋል፤ አዲሱ ይገባል፤ ነገሩ ያልቃል። ታረቀኝ አፍሯል፤ ከእንግዲህ ስለ ኢዘዲን ክፉ አይናገርም። የኦመርም ስም ከግድግዳው ይወርዳል። ሁሉም በየቤቱ ይገባል። ሞረዱን ግን አልገፋውም፤ ምክንያቱም ኢዘዲን ቀረብ ብሎ ሁለት ጣቱን ቦታው ውስጥ ከቶ ነበር። ላስቲኩን ዳሰሰ። ክቡን ዳሰሰ። «ይሄ ለትንሿ ነው የተሠራው» አለ። «ልኳ ነው።»

«ኧረ አባዬ በግምት ነው የቆረጠው። የታለችና ይለካታል?» አለ ታረቀኝ።

«አባባ በግምት አይቆርጥም» አለ ኢዘዲን።

ክፉ ነገር ለመናገር አልነበረም። ለመምህሩ ሲከራከር ነው ቃሉ ያመለጠው። ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማው፤ ነክቷት የማያውቅ እጅ ልኳን አያውቅም። የደባልቄን ቀኝ እጅ አየ። ወዲያው ዓይኑን ሰብሮ መሬት መሬት ማየት ጀመረ፤ ጥፋቱ የሱ የሆነ ይመስል። ደባልቄ ሊሸከመው ያልቻለው ይህን ነው። ልጁ ጮሆ ቢሆን፣ «አንተ ነህ!» ብሎ ቢሆን፣ ምናልባት በጩኸት ይመልስለት ነበር። የተበደለው ሰው ግን ለበዳዩ አፍሮለት ዓይኑን ሰበረ። ደባልቄ ሞረዱን ጠረጴዛው ላይ፣ ከቁልፉ አጠገብ አስቀመጠ። «ተከተሉኝ» አለ።

እስከዳርም ተከተለች። የቡሴን አጥር አልፈው ገቡ። ቡሴ ማንጎዋን ትታ ተነሳች። «ባልዲ የምታወጪበትን ብረት ስጪኝ» አላት ደባልቄ። ባለ ሦስት ጣት ቆልማማ ብረት ነው፤ ጫፉ ላይ ገመድ አለው። እያንዳንዱ ባለ ጉድጓድ ቤት አያጣውም። ክዳኑን ከፈተው። ማጠፊያው ድምፅ አላሰማም። ብረቱን ለቀቀ፣ ከታች ነካ፣ ጎተተ፤ ባዶ መጣ። እንደገና ለቀቀ። ገመዱ ሲረጥብ ከበደ፤ አንጓው ደነዘዘ፤ ገመዱ ከእጁ ሸሸ። ኢዘዲን ሊይዝለት ተራመደ። ኦመር ክንዱን ያዘው። «ተወው» አለ። «ራሱ ያውጣ።» ማንም አልተናገረም። ደባልቄ ገመዱን ክንዱ ላይ ጠመጠመው። በክርኑ እየሳበ፣ በእግሩ እየረገጠ፣ ብረቱን ከታች ወዲያና ወዲህ ጠረገ። ከብዙ ሙከራ በኋላ አንድ ነገር ተያዘ። ሳበ። ከጉድጓዱ አፍ መጀመሪያ የወጣው ብረቱ ነው፤ ከብረቱ ጣት ላይ የገመድ ማሰሪያዋ፣ ከማሰሪያዋ ላይ አረንጓዴዋ ድሪል፣ ከየቀዳዳዋ ውኃ እየተፋች።

«ድንጋይ አይደለም እንዴ!» አለች ቡሴ። ከዚያ ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

«አርብ ለት ወሰድኳት» አለ ደባልቄ። ልጁን አይደለም፤ ኦመርን ነበር የሚያየው። «ይህን ክዳን የበሳሁት በሷ ነው። እጄ አይሠራም። ጣልኳት። ሲጠይቁኝ ልጅህ እዚያው ቆሞ ነበር። አልነካሁም አልኩ።» ሌላ ነገር ለመጨመር ፈለገ። ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ነበር፤ ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሲወጣ ቶሎ ይቅር በሉኝ ማለት መሰለውና ዋጠው። ኦመር ድሪሏን አየ፣ ጉድጓዱን አየ። «እኔ ልጄን ማታ ማታ ስጠይቀው ሰነበትኩ» አለ። «ሲያለቅስ እንኳ አላመንኩትም ነበር፣ መጀመሪያ።»

ተመለሱ። ደባልቄ ትንሿን ድሪል አራተኛው ቦታ ላይ አደረጋት። ሳትጋፋ ገባች። ላስቲኩ ዙሪያዋን ያዛት። ውኃው ከእጀታዋ ጫፍ መሬቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ የእንጨት ብናኙ ውኃውን ጠጣው። ታረቀኝ ቆሞ ይህን ሲያይ ቆየ። ወደ አባቱ እንዳይመለከት፣ ወደ ኢዘዲንም እንዳይመለከት ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ አጥቶ ነበር። «ባምባሲ ደውል» አለው ደባልቄ። «አሁን። ነገ ጠዋት ይወስናል ብለሃል። እነሱ እዚሁ እያሉ ደውል።» ታረቀኝ ስልኩን አወጣ፤ አፉ አልታዘዝ አለው። ስልኩን እንደያዘ በጓሮ ዞሮ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ። በሩ ሲዘጋ ተሰማ።

ከወዲህ አራት ሰዎች ቆመዋል፤ ደባልቄ፣ እስከዳር፣ ኦመር፣ ኢዘዲን። የሚያዩት ግድግዳውን ነው። ድምፁ መጀመሪያ ጉርምርምታ ነበር፤ ቀጥሎ እንደ ጠዋቱ ጠራ። «አዎ፣ ተገኘች… አይ፣ አይ፣ ልጁ ንጹሕ ነው። ያልኩህን ሁሉ ተወው። እጁም ጎበዝ ነው፣ ሰውም ነው… ምን መሰለህ፣ ከቤት ነው። አባቴ ነው። ሽማግሌ ሆኗል እኮ። የሆነ ቦታ አስቀምጧት ረስቶ…»

እስከዳር ትንፋሿን አወጣች፤ ቀለል ያላት ይመስላል። ኦመር ዓይኑን ከግድግዳው አላነሳም። ደባልቄ አንድ እርምጃ ቀርቦ በደነዘዘው እጁ ግድግዳውን መታ። ጭቃ ተፈረፈረ፤ አራቱም ድሪሎች በየቦታቸው ተወዛወዙ።

«አልረሳሁም በለው!»

ከወዲያ ጸጥ አለ። ደባልቄ መዳፉን ግድግዳው ላይ እንዳደረገ ጠበቀ። ተቋራጩ ስልኩ ውስጥ «ሃሎ? ሃሎ?» ሲል እንኳ የሚሰማ መሰለው። ከብዙ ቆይታ በኋላ የታረቀኝ ድምፅ ተመለሰ፤ ዝቅ ብሎ፣ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ።

«አልረሳም» አለ። «እያወቀ ነው ዝም ያለው። እኔም ሳላጣራ ነው የተናገርኩት።»

ኦመር አዲሱን ድሪል ወደ ሳጥኑ መለሰ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ብብቱ ሥር አደረገው። «ሰኞ ባምባሲ ትሄዳለህ» አለው ልጁን በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማው። ኢዘዲን ከመውጣቱ በፊት ወደ መደርደሪያው ሄደ። ትንሿን ድሪል አወጣ፤ ባትሪዋን ነቅሎ በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋት፤ ውኃው እንዲወጣ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስደገፋት። እንዲህ እንዲያደርግ ያስተማረው የለም። ከዚያ አባቱን ተከትሎ ወጣ።

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አላነሳውም።